የምትጎዳው ቆማ ሳይሆን ስትነሳ ነው

ሦስት ወር ግቢ ውስጥ የቆመች፣ በብረት ሞላ ፈንታ አየር የሚሸከማት ሬንጅ ሮቨር እንደ ተንበረከከች ግመል ሆዷን መሬት ልታስነካ ምንም ሳይቀራት ትገኛለች። ከውጭ ሀገር የተመለሰው ባለቤት ቸኩሏል፤ ከጎረቤት መኪና ባትሪ በኬብል ያገናኛል፣ ሞተር ያስነሳል፣ የከፍታ ማስተካከያውን ወደ ላይ ይጫናል። አየር የሚሞላላት ኮምፕሬሰር ይጮኻል። አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። የኋላዋ ትንሽ ብድግ ይላል፣ የፊቷ እንደተኛ ነው። ከዚያ ድምፁ ቀጥ ይላል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ሰውየውም "ቆማ ተበላሸች" ብሎ ጋራዥ ይደውላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ቆማ የተበላሸባት ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛው ጉዳት የደረሰው በነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ደግሞም ሙሉ በሙሉ ማስቀረት የሚቻል ጉዳት ነበር።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት መኪናችሁ የትኛዋ እንደሆነች ለዩ፤ ከፍ ዝቅ የምትል መኪና ሁሉ በአየር የምትሠራ አይደለችምና። ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 እና አንዳንድ ላንድ ክሩዘር 100 ከፍ ዝቅ የሚሉት በፈሳሽ ግፊት ነው፤ ይህ ጽሑፍ እነሱን አይመለከትም። አብዛኞቹ ዲስከቨሪ 3 እና 4፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2012 የተሠራችው ሬንጅ ሮቨር፣ አብዛኞቹ መርሴዲስ ኤስ ክላስ ደብሊው 220፣ መርሴዲስ ጂኤል፣ እንዲሁም የአየሩ ምርጫ የተገጠመላቸው ቱዋሬግ እና አውዲ ኪው 7 በአራቱም ጎማ ላይ አየር አላቸው። ሌክሰስ ጂኤክስ 470 እና አንዳንድ ፕራዶ 120 ከኋላ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የእኛ ልጆች ለሊሞ ሥራ የነዷት ሊንከን ታውን ካርም እንደዚያው ከኋላ ብቻ ነች።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የአየር ሞላ ማለት ወፍራም የላስቲክ እጅጌ ነው፤ የታችኛው ጫፉ እንደሚገለበጥ ካልሲ ወደ ውስጥ ታጥፎ በአንድ ፒስተን ላይ ይጠቀለላል። መኪናዋ ከፍ ስትል እጥፋቱ ወደ ላይ ይፈታል፣ ዝቅ ስትል ወደ ታች ይጠቀለላል። ኮምፕሬሰሩ አየር ይስባል፣ በማድረቂያው ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ የአየሩን መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች ያሉበት የቫልቭ ብሎክ ወደሚፈለገው ሞላ ወይም ወደ ማጠራቀሚያው ታንክ ይልከዋል። ብዙ መኪኖች ላይ እነዚህ ቫልቮች ኤሌክትሪክ ሲያጡ ይዘጋሉ። ስለዚህ ጤነኛ መኪና ባትሪዋ ተነቅሎም ሳምንታት አየሯን ይዛ መቆም አለባት። በአንድ ሌሊት ከተኛች "ያለ ባትሪ ስለቆመች ነው" የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ የምታፈስበት ቦታ አለ።

ላስቲኩን የሚገለው እጥፋቱ ነው። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትወርድ እጅጌው ግፊት የለውም፤ ቅርጹን የሚይዝለት አየር ስለሌለ ወደ ጎን ይጨማደዳል፣ በጭምድዱ መሃል አሸዋና አቧራ ይቀራል። ወር ሙሉ እንደዚያ ተጨምቆ የኖረ፣ በተለይ 8 ወይም 10 ዓመት ያለፈው ላስቲክ፣ የመኪናዋ ክብደት ተጭኖበት በአንድ ጊዜ አየር ሲነፋበት ትክክለኛውን እጥፋት አያገኝም። ጭምድዱ በብረቱና በላስቲኩ መሃል ተቆንጥጦ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ መጀመሪያ ፀጉር ያክላል፤ አየሩ በአንድ ቀን ሳይሆን በሦስት ቀን ይወጣል። ባለቤቱ የሚያውቀው ግን ከወራት በኋላ ነው።

እንግዲህ መኪናዋን ከማቆማችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሜትር ያዙ። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ለኩ፤ ቁጥሩን በወረቀት ፕላስተር ጽፋችሁ እዚያው ፓራፋንጎው ላይ ለጥፉት። መሬቱ ሜዳ ይሁን፣ በሮቹ ይዘጉ፣ ውስጥ ሰው አይኑር። ከ24 ሰዓት በኋላ ድገሙት፣ ከ72 ሰዓት በኋላም እንደገና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቀን 24 ዲግሪ፣ ሌሊት 8 ዲግሪ በሚሆንበት በአዲስ አበባ ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ በሞላው ውስጥ የታፈነው አየር ሲቀዘቅዝ ይዘቱ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የተሸከመው ክብደት ያው ስለሆነ መኪናዋ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኛት ትመለሳለች። ይህ መፍሰስ አይደለም። ማታ ለክታችሁ ጠዋት ካነጻጸራችሁ ደህና ሞላ ታስነቅላላችሁ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። አራቱም እኩል ትንሽ ከወረዱ ቅዝቃዜው ነው፤ አንዱ ማዕዘን ብቻውን ሌሎቹን ጥሎ ከወረደ ያ ሞላ፣ ቱቦው ወይም የቱቦው መግቢያ ነው። ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ አብረው ከወረዱ የቫልቭ ብሎኩን ጠርጥሩ።

የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ እጅ ላርጎ በአሥር እጅ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ፣ በቃ። አረፋ እንዳይሠራ ቀስ ብላችሁ አዋህዱት፤ ቀድሞ አረፋ ከሠራ የሞላውን አረፋ ከእናንተ አረፋ መለየት አይቻልም። መኪናዋን በከፍተኛው ደረጃ አድርጉና ጎማውን ወደ አንድ ጎን አዙራችሁ በፓራፋንጎው በኩል እጥፋቱ ላይ፣ ላስቲኩን ከብረቱ ጋር የሚያጣብቀው ቀለበት ዙሪያ፣ ቱቦው የሚገባበት ጫፍ ላይ ርጩ። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ትልቅ ቀዳዳ ወዲያው አረፋ ይነፋል፤ ትንሹ ግን እንደ ቡና አረፋ ደቃቅ ነጭ ክምር ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ሳይታገሡ ያለፉት ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያመልጣቸው። ሰውነታችሁን ግን ከሥሯ አታስገቡ። በአየር ብቻ የቆመች መኪና ሳታስጠነቅቅ ትወርዳለች፤ ከሥሯ የሚያስገባ ሥራ ካለ መጀመሪያ የብረት ማቆሚያ ይግባ።

ትንሽ መፍሰስን "ትንሽ ናት" ብሎ ማለፍ ለምን ውድ እንደሚሆን የሚገባው ማድረቂያውን ያወቀ ሰው ነው። ማድረቂያው ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ደቃቅ እንክብሎች አሉ። መኪናዋ ራሷ ዝቅ ስትል የሚወጣው ደረቅ አየር በዚያው በማድረቂያው በኩል ተመልሶ ይወጣል፣ እግረ መንገዱንም እንክብሎቹ የያዙትን እርጥበት ይዞ ይሄዳል። ማድረቂያው የሚታደሰው እንዲህ ነው። አየሩ በተሰነጠቀ ላስቲክ በኩል ሲያመልጥ ግን በማድረቂያው በኩል አይመለስም። ኮምፕሬሰሩ እርጥብ አየር ያስገባል፣ ያስገባል፣ እንክብሎቹ አይደርቁም፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጠግበው ይፈራርሳሉ፣ ነጭ ዱቄት ሆነው ቫልቭ ብሎኩ ውስጥ ይገባሉ፣ ቫልቮቹ በደንብ መዘጋት ያቅታቸዋል። ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ላሉ ደግሞ ውሃው ቫልቭ ውስጥ በረዶ ይሆናል። ከብሎኩ የተነቀለ ቱቦ ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ማድረቂያው አልቋል ማለት ነው።

ስለዚህ የጥገናው ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሚያፈሰው ይደፈን፣ ቀጥሎ የማድረቂያው እንክብል ይቀየር፣ ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ይታይ። ብዙ ጋራዥ ተገልብጦ ነው የሚሠራው፤ የሚጮኸው ኮምፕሬሰር ስለሆነ እሱ ይቀየራል፣ መፍሰሱ እንዳለ ይቀራል፣ አዲሱም ዓመት ሳይሞላው ይከተላል። ኮምፕሬሰር ሲቀየር ኤሌክትሪክ የሚያበራለትና የሚያጠፋለት ሪሌም አብሮ ይቀየር። ያረጀ ሪሌ እንደተጣበቀ ከቀረ ኮምፕሬሰሩ ቁልፍ ተነቅሎም እስኪቃጠል ይሽከረከራል።

ወደ ማቆሙ እንምጣ። እጥፋቶቹን በንጹሕ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡ፤ ላቫጆ ውስጥ ከሆነ ኃይለኛውን ውሃ ላስቲኩ ላይ በቅርብ እንዳይለቁት፣ ሻንሲውንም ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት እንዳይረጩት ንገሯቸው። ናፍጣ ለብረቱ ጥሩ ቢመስልም ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ከፍታውን በመደበኛው ደረጃ ተዉት። ለመውጣትና ለመግባት ተብሎ የተሠራው ዝቅተኛው ደረጃ ለረጅም ማቆሚያ አይሆንም፤ እጅጌው ከመጀመሪያውም ወደ ታች ተጠቅልሎ ስለሚቆይ ትንሽ ስታፈስ ወዲያው መሬት ነው። ከፍተኛውም አይመከርም።

ከዚህ ሁሉ ዋናው አራቱ ማቆሚያዎች ናቸው፤ አሠራሩም ሰው እንደሚያስበው መኪናዋን ማንሳት አይደለም። መኪናዋ በጎማዋ ላይ እንደቆመች ትቀራለች፣ ማቆሚያዎቹ ከሥር ሆነው ይጠብቃሉ። መኪናዋ በመደበኛ ከፍታዋ ላይ ሳለች የክሪክ መግቢያዎቿ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆኑ ለኩ። ማቆሚያዎቹን ከዚያ ቁጥር 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉ። መኪናዋን በራሷ አየር ወደ ከፍተኛው አንሱ፣ ማቆሚያዎቹን ከጎን አስገቡ፣ ከዚያ ወደ መደበኛው መልሷት። ክፍተቱን በእንጨት ቁራጭ ፈትሹ፤ በጣታችሁ አይደለም። አሁን ብታፈስ እንኳ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ወርዳ ብረቱ ላይ ታርፋለች፤ እጅጌው በሥራው ቅርጽ እንዳለ ይቆያል፣ አይጨማደድም።

ማቆሚያው እያንዳንዱ 3 ቶን የሚችል ይሁን። መሬቱ አፈር ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይግባ። ብሎኬት ግን በፍጹም፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይፈርሳል። የእጅ ፍሬኑን አትያዙ፣ ወር ሲቆይ ሸራው ይጣበቃል፤ በታኮ አስሯት፣ ካምቢዮውን ፒ ላይ ተዉት። ጎማውን ከተለመደው 5 ፒኤስአይ ያህል ጨምሩበት፣ ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ሳታልፉ።

ባትሪው ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ግን አትዝለሉት። የቆመች መኪና ተኝታም ቢሆን ትበላለች። የምትወስደው 50 ሚሊ አምፒር ብቻ ቢሆን በወር 36 አምፒር ሰዓት ነው፤ 90 አምፒር ሰዓት የያዘ ባትሪ በስድስት ሳምንት ከግማሽ በታች ይወርዳል። በላዩ ላይ የብዙዎቹ መኪኖች የአየር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ቆማም ሳለች በየተወሰነ ሰዓቱ እየነቃ ከፍታዋን ይፈትሻል፣ ያስተካክላል። ላንድ ሮቨሮችን በመሰሉት ላይ አንዱ ማዕዘን ካፈሰ መቆጣጠሪያው ሌሎቹን ሦስቱን አየር እያስወጣ ወደ ታችኛው ያስተካክላቸዋል። አንዷ ሞላ የጀመረችውን አራቱም ይጨርሱታል ማለት ነው። የኮምፕሬሰሩን ፊውዝ ብቻ መንቀል ይህን አያስቆምም፤ አየር ማስወጣት ኮምፕሬሰር አይፈልግምና።

እኔ ከሦስት ሳምንት በላይ ለሚቆም መኪና የምመርጠው የባትሪውን ኔጌቲቭ መንቀል ነው። ቁልፉን አውጥታችሁ፣ በሮቹን ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ መቆጣጠሪያዎቹ ይተኙ፤ ከዚያ ፈትታችሁ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉት። ባትሪው ከኋላ ከሆነና የኋላ በሩ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ በሩን ሳትዘጉት በፊት አስቡ፤ ባትሪ ውስጥ ዘግቶ የቀረ ሰው ጥቂት አይደለም። የሬዲዮ ኮድ የሚጠይቁም አሉ፣ ቀድማችሁ ጻፉት።

ቻርጀር ሰክቶ መተው የሚሻላቸው ሰዎች አሉ፤ ባትሪው እንደተገናኘ ከሆነ ግን ለአየሩ መጥፎ ነው። መብራት እስካለ ድረስ መቆጣጠሪያው ይነቃል፤ አንዳንዶቹ ላይ እንዳልኩት ሌሎቹን ማዕዘኖች ያወርዳል፣ ሞተር ሳይነሳ ኮምፕሬሰሩ በሚሠራባቸው ላይ ደግሞ ያፈሰውን ይተካል፤ እናንተ ስትመለሱ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማ ታገኟታላችሁ፣ ኮምፕሬሰሩ ግን ሦስት ወር ሙሉ በየጊዜው ሲሠራ ከርሟል። ስለዚህ ቻርጀሩ ከመኪናዋ ለተነቀለው ባትሪ ይሁን። ለአዲስ አበባ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ ሥራውን የሚቀጥል ቻርጀር ምረጡ፤ አንዳንዶቹ መብራት ከሄደ በኋላ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

አይጥ የቱቦዎቹን ፕላስቲክ ትወዳለች። የተበላ ቱቦ ሲቀጠል በፒንሳ አይቆረጥ፤ ፒንሳ ክቡን ያጣምመዋል፣ ማገናኛው ውስጥ ያለው ላስቲክ አይዘጋም። በስለታም ምላጭ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፣ በልኩ በተሠራ ማገናኛ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ይግባ፣ ከዚያ ላርጎው ይረጭ።

የመነሻው ቀን ሲደርስ ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ሜትሩን አምጡና ፕላስተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አነጻጽሩ። ባትሪውን ማታውን ቻርጅ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ አርፎ 12.5 ቮልት ካላሳየ አትቀጥሉ። በደከመ ባትሪ የተነሳ ኮምፕሬሰር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፤ ብዙ መቆጣጠሪያዎችም ቮልቱ ሲወርድ አየሩን ትተው ሌላ ሌላ ስህተት መመዝገብ ይጀምራሉ።

ማቆሚያዎቹ ላይ ካረፈች ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ በሮቹን ዝጉ (ብዙዎቹ በር ክፍት ሆኖ አይነሱም)፣ ጠብቁ። ያለ ማቆሚያ ሙሉ በሙሉ የተኛች ከሆነ ግን ክሪኩ ይቅደም። ሞተር ሳይነሳ፣ በአንዱ ማዕዘን የክሪክ መግቢያው ላይ አካሏን ከመደበኛ ከፍታዋ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስከሚል ድረስ አንሱ፤ ጎማው ከመሬት መነሳት የለበትም። ከሥሯ ማቆሚያ አስገቡ። በባትሪ መብራት እጥፋቱን ዙሪያውን እዩት፤ አንድ ወጥ ክብ መሆን አለበት፣ ወደ አንድ ጎን የጎበጠ ወይም የተጨማደደ ካለ ከውጭ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አስተካክሉት። አራቱንም እንደዚህ። አካሏ ከመደበኛ ከፍታ ትንሽ ዝቅ ያለ ስለሆነ መቆጣጠሪያው ሲነቃ "ከፍ ብላለች" ብሎ አየር አያስወጣም፤ ኮምፕሬሰሩም ክብደት ሳይሸከም ባዶ ላስቲክ ብቻ ይሞላል። መኪናዋን አየር ላይ አንጠልጥላችሁ ብታስነሷት ኖሮ ተቃራኒው ይሆን ነበር። ታውን ካርን በክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት በኋላ ሻንጣ ክፍሏ ያለውን የአየሩን ማጥፊያ ማጥፋት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ቱዋሬግና መሰሎቿም የክሪክ ሁኔታ የሚሉት ምርጫ አላቸው።

አሁን ሰዓት ያዙ። ኮምፕሬሰሩ ያለማቋረጥ ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ በላይ አይሥራ። ታንኩም ሞላዎቹም ባዶ ከሆኑ በአንድ ጊዜ አይጨርስም፤ ሞተሩን አጥፉና 20 ደቂቃ አሳርፉት፣ ከዚያ ድገሙ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር በጅቡቲ ወደብ ከሚስበው አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ እዚያ 2 ደቂቃ የሚፈጀው እዚህ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። በውጭ ሀገር መመሪያ ላይ ያለውን ሰዓት አይታችሁ ኮምፕሬሰሩን ቶሎ አትኮንኑት። ላንድ ሮቨሮች ከኋላ ስለሚነሱ የፊቷ መዘግየትም በራሱ ችግር አይደለም።

ሦስት ዙር አርፎም ካልተነሳች ተዉት። ያኔ የምትፈልጉት ላርጎውን ነው። እንደተኛች ወደ ጋራዥ መንዳት ደግሞ የባሰ ነው፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላስቲኩ በብረት መሃል ይቆነጠጣል፣ አንድ ሞላ የነበረው ሦስት ይሆናል። በተጎታች ጭናችሁ ውሰዷት።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ እዚህ ያሉት እነዚህ መኪኖች ከእኛ ጋር የሚያረጁ ናቸው። ዘጠኝ ወር ቆማ ሦስት ወር የምትነዳ ፕራዶ 120 ከሆነች የኋላውን አየር አውጥቶ በተራ ሞላ መተካትን አልቃወምም። በአራቱም ጎማ አየር ለሆነችው ግን አልመክርም፤ መቆጣጠሪያው ስህተት መጮኹን አያቆምም፣ አነዳዷም የሌላ መኪና ይሆናል።

ከተነሳች በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትር በሰዓት ከ20 ሳታልፉ ንዱ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ያለበትን መንገድ ተዉት። ከዚያ ግቢ መልሳችሁ አቁሟትና ያንኑ ሜትር ያዙ። በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት የኋላ ግራው ብቻ 12 ሚሊ ሜትር ወርዶ ካገኛችሁት፣ ፕላስተሩን አትላጡት።